የታኮው ድንጋይ

ሚኒባሱ ለሁለተኛ ጊዜ ከዓመታዊው ምርመራ የወደቀችበት ዕለት ይኸነው ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ብቻውን እየተጨቃጨቀ ወረደ። ከዝናቡ ጋር ተጨቃጨቀ፤ ከመሪው ጋር ተጨቃጨቀ፤ አዲስ ቅዳም ላይ መንገድ የዘጋችበትን ላም ከነባለቤቷ ሰደበ። በመጀመሪያው ዙር የፊት ፍሬን ሸራው አልቋል፣ የእጅ ፍሬኑም በቅጡ አይዝም ብለው መለሱት። እሺ ብሎ ጋራዥ አስገባት። አሁን ደግሞ ፍሬኑ ወደ ግራ ይጎትታል ተባለ። አልቆም ጥፋት፣ ታድሶም ጥፋት፤ እንግዲህ ምን ይሁን ነው የሚሉት?

ነገሩ የቀልድ አልነበረም። ቦሎው መስተዋቷ ላይ ካልተለጠፈ መናኸሪያው ተራ አይሰጣትም። የባለንብረቶቹ ማኅበርም እስከ ዓርብ ካላመጣህ ቦታህን ለሌላ እንሰጣለን ብሎታል፤ ያንን ቦታ አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ ደግሞ ሞልቷል። ይኸነው ከዚያች አሮጌ ሚኒባስ በቀር ሌላ ንብረት የለውም። የልጆቹ ትምህርት፣ የቤቱ ቀለብ፣ የሚስቱ የውብአየሁ የጉልበት መድኃኒት ሁሉ የሚወጣው ከዳንግላ እንጅባራ ከምትመላለሰው ከእሷ ነው።

ይኸነው መኪና ከመያዙ በፊት የበቅሎና የፈረስ ነጋዴ ነበር። ከዚያ ሥራ ይዞት የወጣው ሀብት አንድ እምነት ብቻ ነው፤ መጀመሪያ የተጠራ ዋጋ ሁሉ ውሸት ነው የሚል። ሻጭ የጠራውን ግማሹን ጣልለት፣ እውነቱ የቀረው ውስጥ ነው ይላል። ልብስ ሲገዛ እንዲህ ነው፤ ቤት ሲያስገነባ እንዲህ ነው፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ሐኪም ሦስት ዓይነት መድኃኒት ቢያዝለት አንዱን ይቀንሱልኝ ብሎ ሐኪሙን ያሳቀ ሰው ነው። ሐኪሙ ሳቀ እንጂ ይኸነው አልቀለደም።

መካኒኩ አድማሴ ይህን አመሉን ያውቃል፤ ያን ቀን ግን አልተዘጋጀበትም። በመጀመሪያው ውድቀት ማግስት ከሚኒባሷ ሥር ገብቶ ቆየና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። የሁለቱም የፊት ጎማ ሸራ ይቀየራል፣ የእጅ ፍሬኑም ገመድ ይቀየራል አለና ዋጋውን ጠራ። አንድ ደህና ወይፈን የሚገዛ ዋጋ ነው። ይኸነው ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ እንደ ከብት ገበያው ወግ ትቶት ሄደ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ሄደ፤ ደግሞ ተመለሰ። አድማሴ ሁለቱ ጎን እኩል ካልሆነ ብሎ ሊያስረዳው ቢጀምር የነጋዴ ወሬ ለነጋዴ አታውራ ብሎ አፉን አስዘጋው። ጧት የጀመረ ክርክር ምሳ ሰዓት ሲያልፍ አድማሴ ራቡም ድካሙም ተደማምሮበት እጁን ሰጠ።

«በል እሺ፤ በዚህ ዋጋ የሚሠራውን እሠራልሃለሁ» አለው።

ይኸነው ከዚህ ንግግር የሰማው እሺ የምትለዋን ብቻ ነው። አድማሴ የግራውን ሸራ ቀየረ፣ የቀኙን እንደነበረ ተወው፣ የእጅ ፍሬኑን ገመድ ጠበቅ አደረገና ቁልፉን ሰጠው። ይኸነው እቤቱ ገብቶ ድሉን ሲያወራ ውብአየሁ ጉልበቷን እያሸች አዳመጠችውና ግማሽ በሬ አያርስም አለችው። ስለ መኪና የማታውቂውን አትናገሪ ብሎ ተቆጣት።

ለሁለተኛ ጊዜ ወድቆ ሲመለስም ዓይኑ ወደ አድማሴ ጋራዥ ዞር አላለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ጥፋተኛውን ሌላ ቦታ ፈለገ፤ አገኘም። መኪናዋን የጣለችበት መርማሪ ቤዛዊት የምትባል ወጣት ናት። የማን ልጅ እንደሆነች ሲያጠያይቅ የእንጅባራ ቆሰበሩ የሽባባው ልጅ ናት አሉት። በዚህ ጊዜ ነገሩ ሁሉ እንደ ቀትር ፀሐይ ወለል ብሎ ታየው። ከብዙ ዓመት በፊት ለሽባባው አንዲት ዳማ በቅሎ ሸጦለት ነበር። በቅሎዋ ሳምንት ሳይሞላት ማንከስ ጀመረች፤ ሽባባው ይዟት ቢመጣ ይኸነው «ዓይንህ እያየ ነው የገዛኸው» ብሎ መለሰው። ከዚያ ወዲህ ተያይተውም ተነጋግረውም አያውቁም። እንግዲህ ልጅቱ የአባቷን ቂም በፍሬን እያወራረደች ነው።

መድኃኒቱም ወዲያው ታየው። በሽታው ቂም ከሆነ ጋራዥ ምን ይሠራል? ሽማግሌ ነው እንጂ የሚያስፈልገው። ሽማግሌ ደግሞ ሸራ አያስቀይርም፣ ገመድ አያስገዛም። ውብአየሁ ይህን ስትሰማ ለረጅም ጊዜ አየችውና ምንም ሳትል ወደ ጓዳ ገባች። ይኸነው ዝምታዋን እንደ ፈቃድ ቆጠረው።

ሦስት ሽማግሌ መረጠ። አንደኛው አያ ባንተአምላክ ናቸው፤ በአገሩ የታወቁ አስታራቂ፣ አገውኛውም አማርኛውም የሚታዘዝላቸው፣ ዕድሜያቸውን እሳቸውም በውል የማያውቁት አዛውንት። ሁለተኛው መሪጌታ ብሥራት ናቸው። ሦስተኛው የእድሩ ዳኛ አቶ ሀብቱ ናቸው። ረቡዕ ጧት ሦስቱንም ነጫጭ ጋቢያቸውን እንዳጣፉ አሳፍሮ ወደ እንጅባራ ወጣ። ከከተማው መውጫ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመውና ቦሎው የት አለ ሊል ሲል የሽማግሌዎቹን ጋቢ አየ። ለቅሶ የሚሄዱ መስሎት ኮፍያውን ከፍ አድርጎ ነፍስ ይማር አላቸው። ይኸነው አሜን ብሎ ነዳ።

መንገዱ ዳገት ስለሆነ ፍሬን ብዙም አልተፈለገም። አያ ባንተአምላክ አንቀላፉ፤ መሪጌታ ዳዊታቸውን ደገሙ። እንጅባራ መግቢያ ላይ ግን አንድ ባጃጅ ከጎን ብቅ አለና ይኸነው ፍሬኑን ረገጠ። ሚኒባሷ እንደመቆም ወደ ግራ ተምዘገዘገችና ከላይ በሚወርደው የጭነት መኪና ፊት ተደቀነች። የጭነት መኪናው ክላክሱን እየነፋ ለጥቂት አለፋቸው። የመሪጌታ መቋሚያ የአቶ ሀብቱን ግንባር መታ፤ አያ ባንተአምላክ ነቁ። የዝናብ መጥረጊያው ካፊያውን መጥረጉን ቀጠለ።

አቶ ሀብቱ ግንባራቸውን እያሹ ሁልጊዜ እንዲህ ናት ወይ ብለው ጠየቁ። ይኸነው መንገዱ ነው ብሎ መለሰ። አቶ ሀብቱ መንገዱን አዩት፤ ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ በኋላ አላንቀላፉም፣ አልጸለዩም፤ ሦስቱም እንደ መኪና መብራት ዓይናቸውን አፍጥጠው ደረሱ።

የሽባባው ግቢ ሣር የለበሰ ተዳፋት ነው፤ ከታች በኩል በቀርከሃ ታጥሯል። ይኸነው ከላይ አቆማትና የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ከዚያም እንደ ልማዱ ከወንበሩ ሥር ጥቁሩን ድንጋይ አውጥቶ ለፊት ጎማዋ ታኮ አደረገላት። ያ ድንጋይ የእጅ ፍሬኑ ከደከመ ጀምሮ ከሚኒባሷ ተለይቶ አያውቅም፤ ስትቆም ወርዶ ጎማውን ይይዛል፣ ስትነሳ ተሳፍሮ ይሄዳል።

ሽማግሌዎቹ ከቤቱ በር ገባ ብለው ቆሙ። ሽባባው ግቡ፣ ተቀመጡ ብሎ ቢለምን የመጣንበትን ካልሰጠኸን አንቀመጥም አሉ። ሰውየው ግራ ገባው። ማንን ምን እንዳደረገ ጠየቀ። አያ ባንተአምላክ ከዚህ ከይኸነው ጋር ያለህን የቆየ ቂም ለእግዚአብሔር ብለህ ተው አሉት። ሽባባው ይኸነውን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«የምን ቂም?» አለ። ምን እንደሚያስታርቁት በእውነት አላወቀም ነበር።

የበቅሎዋ አሉት። የትኛዋ በቅሎ አለ። ዳማዋ አሉት። ሽማግሌዎቹ ቀለሟን፣ ዘመኑን፣ ገበያውን ሁሉ እየጠቀሱ እስኪያስረዱት ድረስ ፊቱ ላይ አንዳች ነገር አልነበረም። ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ ቀስ በቀስ ትዝ አለው። ትዝ ሲለው ፊቱ ተለወጠ። «አንተ ነህ እንዴ ያ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወደ አያ ባንተአምላክ ዞሮ በአገውኛ ያወርደው ጀመር። ይኸነው አገውኛ አይሰማም፤ ከዚያ ሁሉ ናዳ የለየው የራሱን ስምና በየመሐሉ የምትመጣውን በቅሎ ብቻ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ተኝቶ የነበረን ነገር በሦስት ሽማግሌ ቀስቅሶ አሁን እንዲያስተኙለት ቆሞ ይጠብቃል።

ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ያነደዱትን እሳት ራሳቸው ሲያጠፉ ረፋዱ አለቀ። በመጨረሻ ሽባባው በረድ አለና አንድ ነገር ጠየቀ፤ ወግ ይደረግልኝ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቀኝ አለ። የሚገባው ነው አሉ ሽማግሌዎቹ። ይኸነው የመጣው ለሚኒባስ ነው፤ አሁን ከሞተች ዘመን ላለፋት በቅሎ ድንጋይ ሊሸከም ነው። ግን ዓርብ ቀርቧል፤ ወጣ።

ካፊያው አልቆመም። ግቢው ከዳር እስከ ዳር ሣር ነው፤ አንድ እንኳ ድንጋይ የለበትም። ከአጥሩ ውጭ ወጥቶ መፈለግ ነበረበት፤ ነገር ግን ውስጥ ሽማግሌ ቆሞ ይጠብቃል፣ እሱም ትዕግሥቱ አልቋል። ዓይኑ ከጥቁሩ ድንጋይ ላይ አረፈ። ጎንበስ ብሎ ከጎማው ሥር ፈለቀቀው፣ ጫንቃው ላይ አደረገና ወደ ቤት ገባ። ለምን እንደተቀመጠ አላሰበም፤ በዚያች ሰዓት ለእሱ ድንጋይ ድንጋይ ነበር።

ከሽባባው ፊት ጎንበስ አለ። ስለ በቅሎዋ ይቅር በለኝ አለ። ሽባባው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ይቅር ለእግዚአብሔር ብሎ ድንጋዩን ሊያወርድለት እጁን ሲዘረጋ ከደጅ ረጅም የስንጥቅጥቅ ድምፅ ተሰማ። ቀርከሃ ሲሰበር ነው።

ሁሉም ወጡ። ሚኒባሷ ለመጠጥ እንደምትወርድ ላም ቀስ ብላ ተዳፋቱን ወርዳ አጥሩ ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ ቆማለች። ሁለት ዶሮዎች ይጮኻሉ እንጂ የተጎዳ አልነበረም። ይኸነው ድንጋዩን ጫንቃው ላይ እንደያዘ ዝናቡ ውስጥ ቆመ፤ ማውረድም ረሳው። በዚህ መሐል የአጥሩ በር ተከፈተና ቤዛዊት ለምሳ መጣች፤ ጃንጥላዋን እንደዘረጋች መጀመሪያ ሚኒባሷን አየች፣ ቀጥሎ ድንጋዩን፣ ቀጥሎ የተሸከመውን ሰው።

የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስማ ነገሩን ጠየቀች። ነገሯት። ስለ በቅሎ ገና መስማቷ መሆኑን፣ ያኔ እናቷ ጀርባ ላይ እንደነበረች በትህትና አስረዳች። ጃንጥላዋን ለአባቷ ሰጥታ ከሚኒባሷ ጎማዎች ሥር ቁጢጥ አለች፤ በስልኳ መብራት የግራውን አየች፣ ዞራ የቀኙን አየች። ጭቃዋን እያራገፈች ተነሣች።

«ጋሼ፣ የግራው ሸራ አዲስ ነው፤ የቀኙ ያው አሮጌው ነው» አለችው ይኸነውን። «አንዱን ብቻ ነው እንዴ ያስቀየሩት?»

ይኸነው ዋጋውን በግማሽ አስቀንሼ ነው አለ፤ አነጋገሩ ላይ እስካሁን ትንሽ ኩራት ነበረበት።

«እንግዲያው ያስቀነሱት ቀኙን ጎማ ነው» አለችው።

አድማሴ ያለው፣ ይኸነውም ያቋረጠውና የሣቀበት ሁሉ አንድ ላይ መጣበት። በራሱ ተናደደ፤ ንዴቱን ግን ለራሱ ማድረግ ስላልለመደ በልጅቱም፣ በሽማግሌዎቹም፣ በአጥሩም ተናደደ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስለ መኪናዋ ሊያማልዱ ጀመሩ፤ እንደው ሰውየው የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው፣ መኪናዋም እንደምታዪያት ደህና ናት አሉ። ደህና ናት ሲሉ ዓይናቸው ወደ ተሰበረው ቀርከሃ እንዳይሄድ ብዙ ደከሙ። ቤዛዊት ቃላቸውን ከልብ አዳመጠችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«አባቶቼ፣ ወደ ዳንግላ የምትመለሱት በእሷ ነው?»

መሪጌታ ብሥራት እዚሁ ቆሰበር ውስጥ ሳይጠይቁት የቆዩት ዘመድ እንዳላቸው ድንገት ትዝ አላቸው። አቶ ሀብቱም ግንባራቸውን ነካ አድርገው ለእድሩ የሚገዛ ዕቃ አለ አሉ፤ ምን ዕቃ እንደሆነ አልተናገሩም። አሁን ስለ መኪናዋ ደህንነት ሲመሰክሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ሽባባው ምሳ ብሉ፣ መኪናዋም እዚሁ ትደር ብሎ ለመነ። ይኸነው እንቢ አለ። በመጣሁበት እመለሳለሁ አለ። እልህ ነው፤ እሱም ያውቀዋል፤ ግን በአንድ ቀን ድንጋይም ተሸክሞ፣ አጥርም ሰብሮ፣ በዚያ ላይ በባጃጅ መመለስ አልዋጥልህ አለው። ተጋግዘው ገፍተው አወጧት። ድንጋዩን ከወንበሩ ሥር ወርውሮ ሞተሩን አስነሣ፤ አፍንጫዋን ወደ ዳንግላ ቁልቁለት አዞረ። ያን ጊዜ የጋቢናው በር ተከፈተ።

አያ ባንተአምላክ ናቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው በጭንቅ ወጡና ከጎኑ ተቀመጡ። ይኸነው እርስዎም እዚሁ ይቆዩ፣ እኔ ብቻዬን እወርዳለሁ አላቸው።

«አብሬህ መጥቻለሁ» አሉ አዛውንቱ። «ያስታረቅሁትን ሰው መንገድ ላይ ትቼ አልገባም። ንዳ።»

የወንበሩን ቀበቶ ሳቡት፤ መያዣው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ስለዚህ ጫፉን በእጃቸው ጨብጠው ያዙት። ይኸነው ማርሽ አስገባና ዞር ብሎ አያቸው። አያ ባንተአምላክ በዕድሜያቸው መሪ ጨብጠው የማያውቁ ሰው ናቸው። ፊታቸው እንደወትሮው የተረጋጋ ነው፤ ከንፈራቸው ጸሎት ያንቀሳቅሳል። ቀኝ እግራቸውን ግን አሮጌ የጎማ ጫማቸውን እንደተጫሙ ወለሉ ላይ ተክለው፣ ጉልበታቸው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ይረግጣሉ። ፍሬን መርገጣቸው ነው። የቀኙ ጎማ፣ ዋጋው የተቀነሰው፣ በትክክል ከዚያ እግር ሥር ነበር።

ይኸነው ያንን እግር አየ። መንገዱን አየ፤ ከፊቱ ቁልቁለቱ ጭጋግ ውስጥ ይገባል። እንደገና እግሩን አየ። እፍረት ከጭንቅላቱ እስከ እግር ጥፍሩ ወረደበት። ሞተሩን አጠፋ፤ ወርዶም ድንጋዩን ከጎማው ሥር መልሶ አስገባና ዝናቡ ውስጥ እንደቆመ ለአድማሴ ደወለ።

ሁለቱንም ጎን እንዲቀይርለት፣ የእጅ ፍሬኑንም ገመድ እንዲጨምር፣ ሁሉንም መጀመሪያ በጠራው ዋጋ እንዲሠራ ነገረው። አድማሴ ከዚህ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ አያውቅም።

«ሰው ተጎዳ እንዴ?» አለ ድምፁ ተለውጦ።

«ገና አልተጎዳም» አለ ይኸነው። «ለዚያ ነው የደወልኩት።»

አድማሴ ትንፋሹን ሰብስቦ ስለ ሥራው ያስረዳው ጀመር። ሸራው ከባሕር ዳር ነው የሚመጣው፤ ለዓርብ አይደርስም። እሱም ዕቃውን ይዞ እስከ እንጅባራ መውጣት አለበት፤ የመምጫው ለብቻው ይታሰባል። ይኸነው ቦታውን አሰበ፣ መናኸሪያውን አሰበ፣ ውብአየሁ ምን እንደምትለው አሰበ። ከዚያ አፉ በልማዱ ተከፈተ፤ የመምጫውን እንኳ ተው ሊል ነው። ቀና ሲል በመስተዋቱ ውስጥ አያ ባንተአምላክ ታዩት። ሞተሩ ከጠፋ ቆይቷል፤ ድንጋዩም ጎማውን ይዟል፤ አዛውንቱ ግን ማንም ስላልነገራቸው አሁንም ወለሉን ይረግጣሉ።

«እሺ» አለ ይኸነው፤ ሄዶም በሩን ከፈተላቸው።